ማዳም ፎርቱኔ ምንም አልሆኑም

ሴትዮዋ የተገኘችው በአንደኛውና በሁለተኛው ፎቅ መሃል፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ጠባብ ቦታ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነው። አንዱ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው፤ ሌላው ከበላይዋ ደረጃው ላይ ቀርቷል። ቦርሳዋን የነካው የለም፤ ስልኳንም፣ የጣቷን ቀለበትም። በእስራኤል የባት ያም ከተማ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች አየና፣ «ተደናቅፋ ነው በቃ። ጌኡላ፣ እስከ ነገ ዝጊልኝ» ብሎ ላቡን እየጠረገ ወደ መኪናው ሄደ።

ኢንስፔክተር ጌኡላ ባሩኽ ደግሞ ዝጊ ሲሏት የምትከፍት ሴት ናት። እድገት ያልቀናትም በዚሁ ነው ይሏታል፤ እሷም አትክድም። በዚያ የነሐሴ ሙቀት ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለችና የሟቿን የቀኝ እጅጌ በእስክሪብቶ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ትከሻው ላይ ስፌቱ ተተርትሯል።

«ግሪሻ፣ ይሄን አየኸው?»

«ሰው ሲወድቅ ልብሱ ይቀደዳላ፣ አለቃ።»

«ምን ይዞት? ምስማር አሳየኝ። ሽቦ አሳየኝ።»

ሳጅን ግሪሻ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው፤ የደረጃውን መደገፊያ ከታች እስከ ላይ በጣቱ ሄደበት። ሰው ለዓመታት እየተደገፈ ያለሰለሰው እንጨት ነው። ምንም የለም። ትከሻውን ሰበቀ።

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ከክንዷ ላይ የጣት ምልክት አግኝቷል። ሌላም ነገር አለ። ሴትዮዋ ወድቃ ወዲያው አልሞተችም፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነፍሷ አልወጣችም ነበር። አምቡላንስ ቢጠራላት ትተርፍ ነበር አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ባልሆን ባልነገርኩሽ።»

ጌኡላ ስልኩን ዘጋች። አንጀቷን ያሳረራት አወዳደቋ አልነበረም። አንድ ሰው በጣቱ ይዟት ነበር፤ ያ ሰው ስትወድቅ አይቷል፤ አይቶም ትቷት ሄዷል። «ይሄን ሰው ሳልይዝ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች ጮክ ብላ፣ ቢሮው ውስጥ ማንም ሳይኖር።

የሟች ስም ዳፍና ነው። ነርስ ናት፤ ግን የሆስፒታል ነርስ አይደለችም። ለእርጅና ዘመን የእንክብካቤ ኢንሹራንስ ለሚሸጥ ኩባንያ ነው የምትሠራው። ሰው ጉልበት እያለው ለዓመታት ይከፍላል፤ አርጅቶ ራሱን መቻል ሲያቅተው ኩባንያው የአስታማሚውን ደሞዝ ይችላል። በእርግጥ አቅቶታል ወይስ አላቃተውም የሚለውን ቤት ድረስ ሄዳ፣ አይታ የምትፈርደው ዳፍና ነበረች። የዚያን ቀን እዚያ ሕንጻ ውስጥ የጎበኘችው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሀራሪ ባልና ሚስትን።

*

ሬሳውን ያገኘው ምድር ቤት የሚኖረው ሺምሾን ነው። የመዋኛ ቁምጣውን እንኳ ሳያወልቅ ነው ቃሉን የሰጠው።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ፣ ሆዱን እያከከ። «አላዘንኩም።»

«ይሄ ለፖሊስ የሚነገር ነገር ነው?»

«ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነዋ! አምና እናቴን ልታይ መጣች። እናቴ ስሟን እንኳ ረስታለች። ይቺ ግን ‹እጃቸው ደኅና ነው፣ እግራቸው ደኅና ነው› ብላ ከለከለቻት። እኔም እዚሁ ደረጃ ላይ፣ ‹ሁለተኛ እግርሽ እዚህ ቢረግጥ አንከባልልሻለሁ› አልኳት። ሕንጻው ሁሉ ሰምቶኛል።»

ግሪሻ ጌኡላን በክርኑ ነካ አደረጋት። ነገሩ አለቀ ማለቱ ነው።

«ዛሬ ቀትር ላይ የት ነበርክ?»

«ባሕር ዳር፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ኳስ ስመታ። አራቱም ይመሰክሩልኛል። በእርግጥ ሁለቱ አይሰሙም፤ አንዱ አያይም።»

«አራተኛውስ?»

«አራተኛው ዋሾ ነው፤ ግን ይወደኛል።»

ግሪሻ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። ጌኡላ ግን ሳትስቅ ባሕር ዳር ወረደች። ከማማው ላይ የዋናተኞች ጠባቂው ገና ስሙን ስታነሳለት ጸጉሩን ነጨ። «ሺምሾን? ያ ደረቅ! ከማዕበሉ ውጣ ብዬ ቀትሩን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ስሰድበው ዋልኩ። አፉን ሞልቶ ሲመልስልኝ ነበር። የባሕር ዳሩን ሰው ጠይቂ!» ጠየቀች። ሰው ሁሉ ስድቡን ቃል በቃል ደገመላት፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም አጣፍጣ።

ሺምሾን ከደሙ ነጻ ሆነ።

*

ሦስተኛ ፎቅን ጌኡላ የረገጠችው ሬሳው የተገኘ ዕለት ነው። ለረጅም ጊዜ ብታንኳኳ የሚከፍት ጠፋ፤ ከውስጥ ግን፣ «ቆዩ! ቆዩ! መጣሁ!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ይሰማል። በመጨረሻ ሙስዮ ዛኪ ሀራሪ ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቆ ከፈቱላት። የሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው፤ እንዲህ ሲያለከልኩ እሳቸውም አብረው የሚወድቁ ይመስላሉ።

«ይቅርታ ልጄ። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ወድቃብኝ፣ ማንሳት አቃተኝ።»

ግሪሻ ሮጦ ገባ። ማዳም ፎርቱኔ በሌሊት ልብሳቸው ወለሉ ላይ ነበሩ፤ ጸጉራቸው ረጥቧል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ተሸክሞ አልጋ ላይ ሲያስተኛቸው እጃቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ጌኡላ ሙስዮ ዛኪን ወደ ሳሎን ወሰደቻቸው።

«ነርሷ እዚህ ነበረች?»

«ነበረች። አይታ ሄደች።»

«ሸኟት?»

«እስከ በሩ። ከዚያ በላይ ምን አቅም አለኝ? ፎርቱኔን እጇን ከለቀቅኳት ትወድቃለች። አንድ ደቂቃ ለብቻዋ አልተዋትም። ገበያ እንኳ የሚወጣልኝ ልጄ ኤዲ ነው።» ድንገት ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ሞታለች።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ለፎርቱኔ አትንገሪያት። በሞቴ፣ እንዳትሰማ!»

ጌኡላ አልነገረቻቸውም። እሺ ብላ ወጣች። በዓይኗ ያየችውን ማመን ነበረባት፤ እንዲህ ዓይነት ሴት ጥሎ ደረጃ የሚወርድ ባል ከየት ይመጣል?

*

በማግስቱ የኩባንያው ኃላፊ ሚኻል ስልክ ላይ ተገኘች። ስታለቅስ ያደረች ድምፅ ነው ያላት።

«ዳፍና ከዚያ ቤት እንደወጣች ደውላልኝ ነበር» አለች። «‹ማዳም ፎርቱኔ ምንም አልሆኑም፤ ጥያቄውን ውድቅ አድርጊው› ነው ያለችኝ። ሴትዮዋ ሐር ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው በር ላይ ነው የተቀበሏት። ከወጥ ቤት በገዛ እጃቸው ትሪ ይዘው መጡ። የብርቱካን ልጣጭ ማርማላታ በትንንሽ ማንኪያ፣ ከብርጭቆ ውሃ ጋር። ‹አፈር ስሆን ቅመሺ› እያሉ አስቀመሷት።»

«የትኛዋን ሴትዮ ነው የምትነግሪኝ? እኔ ያየኋቸው ሴት ከወለል ላይ በሰው ሸክም ነው የተነሱት!»

ሚኻል ተነፈሰች። «እሱ እኮ ነው ጣጣው። በየሳምንቱ ያጋጥመናል። በተለይ ከግብፅ የመጡት የእስክንድርያ ሰዎች። ‹እንደወትሯችሁ ሆናችሁ ቆዩን› እንላለን፤ እንግዳ መጣ ሲባል ግን ይኳኳላሉ። ያላቸውን አቅም አሟጠው አንድ ሰዓት ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ከዚያ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ናቸው። እንግዳ ጸጉሬ ሳይበጠር ከሚያየኝ ሞቴን የሚሉ ሰዎች ናቸው።»

«ዳፍና ይሄን አታውቅም ነበር?»

«ታውቃለች። ግን የምትጽፈው ያየችውን ነው። እሷ ምን ታድርግ?»

ጌኡላ ተናደደች፤ ግን በማን ላይ እንደተናደደች ለራሷም አልገባትም።

ግሪሻ ስልኩን ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «አለቃ፣ እኔ ሳረጅ ኢንሹራንስም አያስፈልገኝ፤ ባሕር ውስጥ ጣሉኝ» አለ።

«ዝም በልና ልጅየውን ፈልግልኝ። ኤዲን።»

*

ኤዲ ሀራሪ ታክሲ ነጂ ነው። በዚያን ቀን ታክሲው ከሕንጻው ፊት ለፊት መንገድ ዘግታ ቆማ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ተናግሯል፤ ጡሩንባ ሲነፋባት ስለነበር ማንም አልረሳትም። ጌኡላ ስለዚህ ጉዳይ ስትጠይቀው መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

«እናቴ አባረረችኝ።»

«ከቤቷ?»

«ከቤቷ! እኔ የመጣሁት እውነቱን ለነርሷ ልነግራት ነበር። ‹በእንግዳ ፊት ልታዋርደኝ ነው የመጣኸው? ውጣልኝ!› አለችኝ። አባቴም ‹ውጣ ልጄ፣ ደሟ ይፈላብናል› አለኝ። ታች ቆሜ ስጠብቅ የኤርፖርት ተሳፋሪ ጠራኝ፤ ሄድኩ።» መሪውን በቡጢ መታው። «ብቆይ ኖሮ! እግሬን ሰብሬ ብቆይ ኖሮ!»

«ለእናትህ አስታማሚ ለመቅጠር አቅም የላችሁም?»

«እኔ ምን አለኝ? ይሄ ታክሲ የባንክ ነው። አባቴ ግን ለዚህ ቀን አስቦ ነበር። ወደብ ላይ ክሬን እየነዳ፣ ጓደኞቹ በየበጋው አውሮፓ ሲሄዱ እሱ ለእርጅናቸው ኢንሹራንስ ይከፍላል። እኛ እንስቅበት ነበር። ‹ልጄ ላይ አልወድቅም› ይላል። አንድ ወር አሳልፎ አያውቅም። አሁን ልቡ ታሞ፣ እሷን ተሸክሞ ሲያነሳ እዚያው ይቀርብኛል ብዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።»

ተሳፋሪዋ ተገኘች። ኤርፖርት ድረስ ስለ እናቱ ሲያወራላት እንደነበር፣ እሷም አብራው እንዳለቀሰች ተናገረች። ኤዲም ከደሙ ነጻ ሆነ።

አዛዡ ጌኡላን አስጠራት። «ሺምሾን አይደለም። ልጁ አይደለም። ሽማግሌው ሚስታቸውን ጥለው አይወጡም። ምን ቀረሽ? ዝጊው!»

«የተቀደደው እጅጌ ቀርቶኛል።»

«ጌኡላ!»

«አልዘጋም አልኩ፣ አልዘጋም።» በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች፤ የዘጋችው እሱን ብቻ ነው።

*

ግሪሻን ይዛ ወደ ሕንጻው ተመለሰች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሁለት ደረጃ ውረድና ጀርባህን ስጠኝ።»

«ሚስት አለችኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ አለቃ!»

«ውረድ ብያለሁ።» ወረደ። መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች። «አሁን ልገፋህ ብፈልግ በምን እገፋሃለሁ?»

«በመዳፍሽ። በሁለቱም እጅሽ።»

«እጅጌህንስ እይዛለሁ?»

«እጅጌዬን ምን ያደርግልሻል? እጅጌዬን ከያዝሽኝማ አልወ...» ግሪሻ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዞሮ አያት።

«አትወድቅም» አለች ጌኡላ። «ሁላችንም የገፋትን ሰው ነው ስንፈልግ የሰነበትነው። የገፋት የለም። እንዳትሄድ የያዛት ሰው ነው ያለው። እሷ ለመሄድ ስትመነጭቅ ስፌቱ ተተረተረና ተወረወረች።»

ሺምሾን እንድትሄድለት እንጂ እንድትቆይ አይፈልግም። ኤዲ መንገድ ላይ ነበር። ዳፍና እንድትመለስ፣ በግድም ቢሆን ተመልሳ ሦስተኛ ፎቅ እንድትወጣ የሚፈልግ ሰው ማነው? ሁለቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ላይ ተመለከቱ።

«ሴትዮዋን ግን ለብቻቸው አይተዉም» አለ ግሪሻ። «ከወለሉ ላይ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።»

«አልተውኳትም ያለን ማነው?»

«ሙስዮ ዛኪ።»

«ሌላ ምስክርስ?»

«ሚስትየው ናቸዋ። ግን እሳቸውን አልጠየቅናቸውም።»

ነገሩ ጉድ ነው። ማዳም ፎርቱኔ አቅም የሌላቸው ሴት ከሆኑ ባላቸው ከቤት አልወጡም ማለት ነው፤ ነጻ ናቸው። አቅም አለኝ ካሉ ግን ገመዱ የባላቸው አንገት ላይ ይገባል። ጌኡላ ይህን አሰላስላ፣ የምታደርገውን ነገር ቀድማ ጠላችው። ቢሆንም አደረገችው። ኤዲን ለእናቱ እንዲነግር ላከችው፤ ነገ ከቀትር በፊት እንግዳ ትመጣለች ብሎ።

*

ማዳም ፎርቱኔ ሰማያዊ ሐር ለብሰው፣ ሉል ጉትቻቸውን አድርገው ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ጠበቋት። ጸጉራቸው ተጠቅልሎ ወደ ላይ ተይዟል። ትሪው ከፊታቸው ቀርቧል። ሙስዮ ዛኪ ከጎናቸው ቆመው፣ እንግዳዋ ማን መሆኗን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ግቢ፣ ግቢ የኔ ልጅ! ዛኪ፣ ምን ቆመህ ታያለህ? ወንበር አቅርብላት እንጂ! አፈር ስሆን ይሄን ቅመሺልኝ፤ በእጄ የሠራሁት ነው።»

ጌኡላ ቀመሰች። «እጅዎት ይባረክ፣ ማዳም። ሰው ግን ታመዋል ይላል።»

«ማነው ያለው? ምን ሆንኩ? ጎረቤት ሥራ ሲፈታ ያወራል!»

«ያለ ባለቤትዎ አንድ ደቂቃ አይቀመጡም አሉኝ።»

«እኔ?» ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ የምጠበቀው?»

«ፎርቱኔ፣ ነፍሴ፣ ደክሞሻል...» አሉ ሙስዮ ዛኪ።

«ምን ደከመኝ? በቀደም ያቺ ነርስ የሄደች ጊዜ እሱ ሊጠራት ተከትሏት ሲወርድ፣ ማን ነበር እኔን የያዘኝ? ማንም! ለብቻዬ ነው የቆየሁት፣ እዚሁ፣ ልክ እንዲህ ቀጥ ብዬ። ጠይቂው!»

ጌኡላ ሽማግሌውን አየቻቸው። ሙስዮ ዛኪ ቀስ ብለው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ወርደው ነበር፣ ሙስዮ?»

«ወርጃለሁ» አሉ። ድምፃቸው ድንገት ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር። «ልጅቷ በሩን ዘግታ ስትወጣ ፎርቱኔ ሶፋው ላይ ተዘረረች። ትሪው ተገለበጠ። ልብሷ ረጠበ። ሃያ ስምንት ዓመት የከፈልኩት ለዚች ሰዓት ነው፤ ሰዓቷ ደግሞ በሩ ከተዘጋ በኋላ መጣች! ሮጥኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረስኩባት። ‹የኔ እመቤት፣ አንዴ ተመለሺ፣ አሁን እያት፣ እውነተኛዋ ፎርቱኔ አሁን ያለችው ናት› አልኳት። ‹ሌላ ቤት ይጠብቀኛል፤ ይግባኝ ይበሉ› አለችኝ። እጅጌዋን ያዝኩ። አልለቅም አልኩ። እሷ መነጨቀች።»

«ከዚያስ?»

«ወደቀች። ያን ጊዜ ከላይ ደግሞ ድም ሲል ሰማሁ። ፎርቱኔም መሬት ወድቃለች። አንዷ ከታች፣ አንዷ ከላይ።» እንባቸው ወረደ። «ወደ ላይ ወጣሁ።»

«አምቡላንስ መጥራት ይችሉ ነበር። በሕይወት ነበረች።»

«አውቃለሁ።»

«ለግማሽ ሰዓት፣ ሙስዮ ዛኪ። ስልኩ ከአጠገብዎ ነው።»

«ከጠራሁ ይወስዱኛል ብዬ ፈራሁ። እኔን ከወሰዱኝ እሷን ማን ያነሳታል? አውቃለሁ፣ ልጄ። የሰው ልጅ ትቼ ነው የወጣሁት። ምንም አትበይልኝ።»

ጌኡላ ልቧ ቆሰለ፤ አልተለሳለሰችም ግን። የዳፍና እናት ትናንት ጣቢያ መጥታ በር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቃት ውላለች። ለግሪሻ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው።

«ማነው የሞተው?» አሉ ማዳም ፎርቱኔ። አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ ጌኡላን አዩ። «ልጅቷ ናት? ያቺ ነርስ ሞተች?» ሙስዮ ዛኪ አንገታቸውን ደፉ። ከንፈራቸው ከቀለሙ በታች ሲነጣ ታየ። ቀጥ ያለው ጀርባቸው ቀስ በቀስ ወደ ጎን ዘመመ፤ ትራሱን ጨብጠው ቀሩ።

«ጻፊ» አሉ።

«ማዳም...»

«ጻፊ አልኩሽ! አልወረደም። ዋሽቻለሁ። ሊወርድ አይችልም፤ እኔ ለብቻዬ መቀመጥ አልችልም። ከአልጋ የሚያስነሳኝ እሱ ነው። ይሄን ልብስ ያለበሰኝ እሱ ነው፤ ከንፈሬን የቀባኝ፣ ጸጉሬን የሠራኝ እሱ ነው። ማርማላታውን ሠርቶ ‹አንቺ ነሽ የሠራሽው› የሚለኝ እሱ ነው። ገላዬን ያጥበኛል። ያጎርሰኛል። ሽንቴን... ሽንቴን አልቆጣጠርም። ጻፊው! ለፈለግሽው ሁሉ ንገሪ። ይኼው ተናገርኩ፤ ባሌን ተዪልኝ!»

ሙስዮ ዛኪ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እነዚህን ቃላት ከሚስታቸው አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ ለምነው እንደነበር እሳቸው ያውቃሉ።

ጌኡላ ሁሉንም ጻፈችው፤ አንዲት ቃል አላስቀረችም። «ይሄን ዛሬውኑ ለኢንሹራንሱ እልከዋለሁ» አለች። «በፊርማዬ። አስታማሚ እስኪሰጡዎት አልለቃቸውም። የወረዱትን ግን አልወረዱም ብዬ አልጽፍም፣ ማዳም። አልችልም።»

ግሪሻ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ አስነሳ። ካቴና አላወጣም። በሩ ላይ ሲደርሱ ማዳም ፎርቱኔ ሊነሱ ሞከሩ፤ እግራቸው አልታዘዘም። ዙሪያቸውን አዩ። ቤቱ ውስጥ የቀረችው ጌኡላ ብቻ ናት። ከራሳቸው ጋር ታገሉ፤ በመጨረሻ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «መታጠቢያ ቤት መሄድ አለብኝ፣ ልጄ» አሉ።

ጌኡላ ጎንበስ ብላ በቀኝ ብብታቸው እጇን አስገባችና አነሳቻቸው። ማዳም ፎርቱኔ በሥቃይ ጮኹ።

ደረጃው ላይ ሲወርድ የነበረው ኮቴ ቆመ። «በግራዋ!» ሲሉ ሙስዮ ዛኪ ከታች ተጣሩ። «በቀኝ አትያዣት፣ ያማታል! በግራ ገብተሽ በወገቧ ያዣት!»

ጌኡላ እጇን ቀየረች።